ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኬብል፦ ፋይል ያለ ኢንተርኔት እንዴት ይዛወራል?

የሰርጉ ቪዲዮ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ሁሉም ያለው አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ አሁን ደግሞ ላፕቶፕ ተገዝቷል። ደብረ ብርሃንም ሁኑ መሐል ሜዳ፣ ለዚህ ብላችሁ ዳታ አትግዙ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ላሉ ሁለት ማሽኖች ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ጭኖ መልሶ ማውረድ ብር መጣል ነው።

ለጥቂት ፋይል ፍላሽ ይበቃል። ግን ፍላሹ ፎርማቱ ፋት32 ከሆነ፣ ቦታ እያለው እንኳ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ቀይሩት፤ ፎርማት ሲደረግ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ለብዙ ፋይል እኔ የኔትወርክ ኬብል እመርጣለሁ። ሁለቱም ዊንዶውስ ከሆኑ እንዲህ ነው፦

1. ኬብሉን ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ ሰኩ። ድሮ ክሮስኦቨር የሚባል ልዩ ኬብል ይፈለግ ነበር፤ ጊጋቢት የሚባሉት ፈጣን የኔትወርክ ካርዶች ግን ራሳቸው ያስተካክሉታል። ላፕቶፑ የኬብል መሰኪያ ከሌለው የዩኤስቢ አዳፕተር ግዙ።

2. በኢተርኔት ፕሮፐርቲስ፣ አይፒ ቨርዥን 4 ውስጥ ለዴስክቶፑ 192.168.10.1፣ ለላፕቶፑ 192.168.10.2 የሚል አድራሻ ስጡ። ሰብኔት ማስክ ለሁለቱም 255.255.255.0 ነው፤ ጌትዌይ ባዶ ይሁን።

3. ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ቀጥታ ኬብል ብዙ ጊዜ «ፐብሊክ» (የማይታመን የሕዝብ ኔትወርክ) ብሎ ይመድበውና ፋይል ማጋራት ይዘጋል፤ ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ»ን በፐብሊክ ሥር አብሩ። ስትጨርሱ አጥፉት።

4. ዴስክቶፑ ላይ የሚዛወረውን ፎልደር ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ፣ ሼር።

5. ላፕቶፑ ላይ ፋይል ኤክስፕሎረር ከፍታችሁ አድራሻው ቦታ \\192.168.10.1 ጻፉ። ስምና ፓስወርድ ሲጠይቅ የዴስክቶፑን አስገቡ፤ ፒን አይሠራም። ዴስክቶፑ ፓስወርድ ከሌለው አስቀድማችሁ አውጡለት፣ በባዶ ፓስወርድ አያስገባም።

50 ጊጋባይት በ100 ሜጋቢት ካርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በጊጋቢት፣ ሃርድ ዲስኩ ካላዘገየው፣ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይርቅም።

ከት ሳይሆን ኮፒ አድርጉ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዴስክቶፑ ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ከተቋረጠ፣ ላፕቶፑ ላይ መጨረሻ ሲገባ የነበረውን ፋይል አጥፉና እንደገና ፔስት ብላችሁ ለገቡት «ስኪፕ» ምረጡ። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ከማጥፋታችሁ በፊት ትልልቆቹን ቪዲዮዎች ላፕቶፑ ላይ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻቸው ሞክሩ።