ሂስትሪ (የታካሚውን የህመም ታሪክ) ስትወስዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ጥናት ታተመ። ሃምፕተን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በተመላላሽ ክሊኒክ 80 አዲስ ታካሚዎችን ተከታተሉ። ሐኪሞቹ የሪፈር ደብዳቤውን አንብበውና ታካሚውን አነጋግረው፣ ገና እጃቸውን ሳያሳርፉበት፣ በሽታው ምን እንደሚመስላቸው ጻፉ። በ66ቱ ላይ የጻፉት መጨረሻ ላይ ከተደረሰበት ዲያግኖሲስ (በሐኪም ከተለየው የበሽታ ስም) ጋር ገጠመ። አካላዊ ምርመራ የጠቀመው በ7ቱ ብቻ ነበር፤ ላቦራቶሪም በሌሎች 7።

ከዚያ ወዲህ ሲቲ ስካኑም ኤምአርአዩም መጥቷል። ቢሆንም የትኛው ምርመራ እንደሚታዘዝ የሚወስነው አሁንም ታካሚው የተናገረው ነው። የተናገረው ስል፣ እንዲናገር የፈቀድንለትን ማለቴ ነው። ሂስትሪ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እውቀት አንሶን አይደለም። መልሱን ቶሎ ለመያዝ ስለምንጣደፍ ነው። ተማሪም ሲኒየርም እኩል ይሳሳታል። እንዲያውም ሲኒየሩ ይብሳል፤ ያውቀዋላ።

ታካሚው ሳይጨርስ መሀል መግባት

እ.ኤ.አ. በ1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሐኪምና የታካሚን ንግግር ቀድተው አዳመጡ። ሐኪሙ ታካሚውን እስኪያቋርጠው የፈጀው በአማካይ 18 ሰከንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናትም ነገሩ እንዳልተሻሻለ አሳየ። ከተቋረጡት ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ የተቋረጡት 11 ሰከንድ እንኳን ሳይሞላቸው ነው።

"ዝም ካልኩማ ግማሽ ሰዓት ያወሩብኛል" የሚል አይጠፋም። ይኼም ስዊዘርላንድ ውስጥ ተሞክሯል። ሐኪሞቹ ታካሚው በራሱ እስኪያበቃ ድረስ ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ተደረገ። በአማካይ የወሰደው 92 ሰከንድ ነበር። ከአስሩ ስምንቱ ያህል በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨርሰዋል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ማቋረጥ ታካሚውን ቅር ከማሰኘት ያለፈ ጉዳት አለው። ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ዋናውን ችግር ላይሆን ይችላል። "ጉልበቴን" ይላል፤ ያመጣው ግን ሰገራው ላይ ያየው ደም ነው። ደሙን ለመናገር ትንሽ መለማመድ ፈልጓል። እኛ ጉልበት የሚለውን ቃል ይዘን ጥያቄ ካዥጎደጎድንበት፣ ደሙን የሚያነሳው ሊወጣ በሩን ከያዘ በኋላ ነው። ወይም ጭራሽ ሳያነሳው ይሄዳል።

"ምን አመጣዎት?" ብላችሁ ዝም በሉ። "እሺ"፣ "ከዚያስ?" ይበቃል። ሲያበቃ "ሌላስ ምን አለ?" ብላችሁ ችግሮቹን በሙሉ መጀመሪያ ሰብስቡ። እያንዳንዱን መቆፈር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። "ሌላ ችግር የለም አይደል?" ብሎ መጠየቅ ግን በሩን ዘግቶ ግቡ እንደማለት ነው።

መልሱን ጥያቄው ውስጥ መክተት

"ደም አላስመለሰዎትም አይደል?" "መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው አይደል?" እንዲህ ተጠይቆ "አይ ዶክተር፣ እየወሰድኩ አይደለም" የሚል ሰው ብርቅ ነው። ታካሚ ሐኪሙን ማስከፋት አይፈልግም። የምትፈልጉትን መልስ ከድምፃችሁ ይሰማዋል፣ ይሰጣችኋልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ ባደጉ አገሮች እንኳን ሥር የሰደደ በሽታ ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በታዘዘላቸው መሠረት የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ናቸው። ስለዚህ ታካሚዎቻችሁ በሙሉ "እወስዳለሁ" የሚሏችሁ ከሆነ አጠያየቃችሁን ፈትሹ። እንዲህ ብላችሁ ሞክሩት፦ "ብዙ ሰው መድኃኒት ያመልጠዋል። እርስዎስ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?" ደም ግፊቱ አልወርድ ሲል ሁለተኛ መድኃኒት ከመጨመር በፊት፣ የመጀመሪያው መዋጡን ማወቅ ይቀድማል።

ጥያቄ መደርደርም ከዚሁ ይመደባል። "ትኩሳት፣ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ አለ?" "የለም።" የትኛው ነው የሌለው? አንድ በአንድ ጠይቁ።

ታካሚው የሰጠውን ስም እንደወረደ መጻፍ

እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። ታካሚው "ጨጓራዬ ነው" ይላል። ቻርቱ (የታካሚው የሕክምና መዝገብ) ላይ "የጨጓራ ህመም" ተብሎ ይጻፋል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይታዘዛል። አለቀ። ታካሚው የነገራችሁ ግን ዲያግኖሲስ ነው፤ የሚሰማውን ገና አልነገራችሁም። እጁን የት ላይ ነው ያስቀመጠው? የሚብስበት ሲበላ ነው ወይስ ደረጃ ሲወጣ? ሲያርፍ ይተወዋል? ላብ ያጠምቀዋል? ከእምብርት በላይ የሚሰማ ህመም ሃርት አታክ ሊሆን ይችላል። በተለይ ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችና የስኳር ታካሚዎች ላይ ሃርት አታክ የለመድነውን መልክ ላይዝ ይችላል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። "ደረትዎን ያምዎታል?" "አያመኝም።" ቻርቱ ላይ "የደረት ህመም የለም" ተብሎ ይሰፍራል። ሰውየው አልዋሸም። የሚሰማው መጨነቅ ነው፣ መታፈን ነው፣ ደረቱን ተጭኖ የያዘው ነገር ነው። እሱ ይህን ህመም ብሎ አይጠራውም። "ደረትዎ አካባቢ የሚሰማዎት ነገር አለ?" ብትሉት ይነግራችሁ ነበር።

ማዞርም እንዲሁ ነው። አንዱ "ያዞረኛል" የሚለው ቤቱ ሲሽከረከርበት ነው። ሌላው ከተቀመጠበት ሲነሳ ዓይኑ ሲጨልምበት፣ ሦስተኛው ሲራመድ ሚዛን ሲያጣ ነው። "ከሦስቱ የትኛው ነው?" ብሎ ማስጨነቅ ብዙ አያዋጣም፤ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ይሏችኋል። ጊዜውንና ቀስቃሹን መጠየቅ ይሻላል። ለሰከንዶች ነው? ለሰዓታት ነው? ወይስ ከጀመረ ጀምሮ አልተወውም? አልጋ ላይ ሲገላበጥ ብቻ መጥቶ ደቂቃ ሳይሞላ የሚተው ማዞር ብዙ ጊዜ ከውስጠኛው ጆሮ ነው። ድንገት ጀምሮ አልተው ያለ ማዞር ግን ስትሮክን እንድናስብ ያስገድደናል።

ራስ ምታት ላይ ሁሉም "ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ?" ማለት ይወዳል። ቁጥሩን ጻፉት፣ ችግር የለውም። ቁም ነገሩ ግን "ከጀመረ በስንት ደቂቃ ነው ጣሪያ የደረሰው?" የሚለው ላይ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የነካ ራስ ምታት፣ አሁን ተሽሎት እንኳን ቢሆን፣ አንጎል ዙሪያ ደም አለመፍሰሱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ድንገተኛ መታየት አለበት።

መድኃኒትና አለርጂን በአንድ መስመር ማለፍ

"የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" "የለም።" ብዙ ሰው መድኃኒት የሚለው በሐኪም የታዘዘና በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ብቻ ነው። የወሊድ መከላከያ መርፌ አይቆጠርም። ለጉልበቱ በራሱ ገዝቶ የሚውጠው የህመም ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንም አይቆጠርም፤ ጨጓራ የሚያደማው፣ ኩላሊት የሚጎዳውና ግፊት ከፍ የሚያደርገው ግን እሱ ሊሆን ይችላል። የዓይን ጠብታማ ማን ያስታውሰዋል? ለግላኮማ የሚሰጠው ቲሞሎል ጠብታ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። "ከተፈጥሮ ዕፅ የተሠራ" የሚባለውም መጠየቅ አለበት። ለድባቴ ተብሎ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ወርት የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ያዳክማል። የሚዋጠውን፣ የሚወጋውን፣ የሚጨመረውን፣ የሚቀባውን፣ የሚሳበውን እያነሳችሁ ጠይቁ። በቀጠሮ የሚመጣ ከሆነ ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዞ ይምጣ።

አለርጂ ላይ ደግሞ "አለ" የሚለው መልስ የጥያቄው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ሰው አንዱ ያህል "ፔኒሲሊን አይስማማኝም" ይላል። በአግባቡ ሲመረመሩ ግን ከአስሩ ዘጠኙ መድኃኒቱን ይችሉታል። ምን ሆኑ? መቼ? ከወሰዱት በኋላ በስንት ሰዓት? ከዚያ ወዲህ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነውን አሞክሲሲሊን ወስደው ያውቃሉ? ሆድ ማመሰና ጉሮሮ ማበጥ አንድ አይደሉም። ይህን መጠየቅ ማለት ግን ደፍሮ መስጠት ማለት አይደለም። መልሱን በዝርዝር መጻፍ፣ ካስፈለገም ወደሚመረምር ባለሙያ መላክ ነው።

አስታማሚውን ብቻ ማናገር፣ ወይም ጨርሶ አለማናገር

አዛውንት እናት ከልጃቸው ጋር ገብተዋል። ልጁ ይመልሳል። እኛም ቀስ በቀስ ወደ ልጁ ዞረን "ምግብ ይበላሉ?" እንላለን። እሳቸው እዚያው ተቀምጠዋል! መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቁ፤ ልጁ የሚያሟላው አይጠፋውም።

ለብቻ ማናገር ግዴታ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ታዳጊ ልጅ እናቱ ፊት ስለ ሲጋራ አያወራም። ጉዳት ደርሶባት የመጣች ሴት፣ ያደረሰባት ሰው አጠገቧ ቆሞ ከሆነ "ወድቄ ነው" ትላለች። "አሁን ለብቻ ነው የማያቸው፤ አሠራራችን ነው" ብሎ ማስወጣት ጥርጣሬ አይቀሰቅስም። ቋንቋ ካላግባባም ልጅን ወይም ባልን አስተርጓሚ ማድረግ አይመከርም። ዘመድ ያሳጥራል፣ ይጨምራል፣ የሚያሳፍረውን ይዘላል።

በሌላ በኩል፣ ራሱን ስቶ የወደቀን ሰው "ስትወድቅ ምን ሆንክ?" ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። ያየው ሰው ነው የሚፈለገው። ተንቀጠቀጠ? ለምን ያህል ጊዜ? ፊቱ ነጣ ወይስ ጠቆረ? ሲነቃ ወዲያው ሰው ለየ ወይስ ግራ ገብቶት ቆየ? ምስክሩ እዚያ ከሌለ ስልክ መደወል ነው። መርሳት የጀመሩ ሰው ጋርም ያው ነው።

የሚያሳፍረውን መዝለል

ወሲብ፣ መጠጥ፣ ሱስ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፍረው ጠያቂው ነው። "ሁሉንም ታካሚ የምጠይቀው ጥያቄ አለ" ብላችሁ ጀምሩ፣ ፊታችሁን አትቀያይሩ። "አልፎ አልፎ እጠጣለሁ" መልስ አይደለም፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል? ሲጋራም በቁጥር ይጻፋል። በቀን 20 ሲጋራ ለ1 ዓመት እንደ 1 ፓክ-ዓመት ይቆጠራል፤ በቀን 10 ለ30 ዓመት ያጨሰ ሰው 15 ፓክ-ዓመት አለው ማለት ነው። አቁሜያለሁ ካለ መቼ እንዳቆመ ይጠየቃል።

ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባል የሚባለው ስህተት ነው። ጥናቶች ይህን አይደግፉም። በግልጽ ጠይቁ፦ "ሕይወትዎን ስለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?" አዎ ካሉ፣ እንዴት ሊያደርጉት እንዳሰቡና መሣሪያው እጃቸው ላይ መኖሩን ማወቅ አለባችሁ።

"ጡረተኛ" ብሎ ማለፍ

ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ ታካሚን "ሥራህ ምንድን ነው?" ማለት እንደሚያስፈልግ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1700 ነው። እኛ እስካሁን እንረሳዋለን። አስቤስቶስ የተባለው የግንባታ ማዕድን የሚያመጣው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ የዛሬው ብቻ ሳይሆን የድሮው ሥራም ይጠየቅ።

የቀድሞውን ቻርት መቅዳት

"የታወቀ የአስም ታካሚ።" ማን ነው ያወቀው? ትንፋሹ በመሣሪያ ተለክቶ ነው ወይስ አንድ ቀን ሲር ሲር ስላለው? ልቡ የደከመ ሰውም ሲር ሲር ይለዋል። አንዴ የተጻፈ ዲያግኖሲስ ከሐኪም ወደ ሐኪም እየተቀዳ ዓመታት ይሄዳል። ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህማ ገልብጦ መለጠፍ ቀሏል። ቻርቱን አንብቡ፣ ግን ታካሚው ራሱ ታሪኩን እንደገና ይንገራችሁ።

ሳያረጋግጡ መነሳት

ከመነሳታችሁ በፊት "እስካሁን የገባኝን ልንገርዎት፤ የሳትኩት ካለ ያርሙኝ" በሉ። ሰላሳ ሰከንድ ነው። "ሦስት ቀን ነው ያልኩት እንዴ? ሦስት ሳምንት ነው" የሚለው እርማት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። "እርስዎስ ምን ይሆናል ብለው ፈሩ?" ብላችሁም ጠይቁ። ወንድሙ በካንሰር የሞተበት ሰው ፍርሃቱን ሳትነኩለት ጨጓራ ነው ብትሉት አያምናችሁም። መድኃኒቱንም ላይውጠው ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ታካሚው ተረጋግቶ ሲቀመጥ ነው። ትንፋሽ አጥሮት ወይም ደም እየፈሰሰው ለገባ ሰው እርዳታው ይቀድማል፤ ጥያቄው ጎን ለጎን ይሄዳል። ያኔ የሚሰማውን፣ አለርጂውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የቆየ በሽታውን፣ መጨረሻ የበላበትን ሰዓትና ምን ሲያደርግ እንደጀመረው ከያዛችሁ ለጊዜው ይበቃል። የቀረው ሲረጋጋ፣ ከ"ምን አመጣዎት?" ጀምሮ ይጠየቃል።