በረሃ ውስጥ ታንክ የሚያሰልፍ ጦር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1942 የጀርመኑ ፊልድ ማርሻል ኤርዊን ሮሜል ታንኮች ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜን ደርሰው ነበር። አሌክሳንድሪያ ለመግባት የቀራቸው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን መግፋት አቃታቸው። ከፊታቸው የቆመው የእንግሊዝ ጦር ብርቱ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከኋላቸው ነዳጁ ተሟጧል፣ መኪናው ተሰባብሯል፣ ሰውም ዝሏል።

ስለ በረሃ ጦርነት ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የመድፉ ርቀት፣ የብረቱ ውፍረት፣ የሞተሩ ጉልበት ነው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። በረሃ ላይ የተሸነፉ ጦሮችን ታሪክ ላገላበጠ ሰው ግን አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። ታንኩ ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት መሬት ላይ፣ በምን ስንቅ እንደሚሄድ ሳይታሰብ ሲቀር ነው የሚጀምረው። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ የሰው ሕይወት የተከፈለባቸው ናቸው።

ነዳጁን ሳያሰሉ መገስገስ

የሮሜል ስንቅ ከሚራገፍበት የሊቢያው ትሪፖሊ ወደብ እስከ ኤል አላሜን በመንገድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዳጅ የሚያመላልሰው መኪናም ራሱ ነዳጅ ይጠጣል። ሄዶ ብቻ አይቀርም፣ መመለስም አለበት። ስለዚህ ግንባሩ በራቀ ቁጥር ከተጫነው ውስጥ ለታንኩ የሚተርፈው እያነሰ ይሄዳል። በዚያ ላይ አውሮፕላን ይደበድበዋል፤ ጎማው ይፈነዳል። ቤንጋዚና ቶብሩክ ለግንባሩ ቀረብ ይሉ ነበር። ግን ወደቦቹ የሚያራግፉት ጭነት ውስን ነው፤ መርከቦቹም ባሕር ላይ ይሰምጡ ነበር።

ሮሜል ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። እያወቀ ግን "ይደርሳል" በተባለ ነዳጅ ተማምኖ ኦገስት 30 ቀን 1942 ሌሊት አላም ሃልፋ በተባለው ኮረብታ በኩል ማጥቃት ጀመረ። ነዳጅ የጫኑ መርከቦች ተመትተው ሰመጡ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ታንኮቹን ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ። እጅ ላይ ያልገባ ነዳጅ ዕቅድ ውስጥ መግባት የለበትም።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ ነዳጃቸውን የሚያጓጉዙት በስስ ቆርቆሮ ጣሳ ነበር። ጣሳው በኮረኮንች ላይ እየተጋጨ ይቀደዳል፤ ነዳጁ ግንባር ሳይደርስ አሸዋ ላይ ይፈሳል። ጀርመኖች ይዘውት የመጡት ዛሬም የምናውቀውን ጠንካራ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። እንግሊዞች የተማረከ ጀሪካን ባገኙ ቁጥር ለራሳቸው ያስቀሩት ነበር። በኋላም አስመስለው ሠሩት። አንድ ተራ ዕቃ ስንት ታንክ እንደሚያንቀሳቅስ ማሰብ ነው።

ዘመኑ ቢቀየርም ስሌቱ አልተቀየረም። አሜሪካ ሠራሹ ኤም1 ኤብራምስ 1,900 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይይዛል። ተርባይን ሞተሩ ታንኩ ቆሞም ቢሆን ብዙ ይፈጃል። ስለዚህ በ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ታንኮቹ ነዳጅ የሚሞሉት አጋጣሚው በተገኘ ቁጥር እንጂ ሊያልቅባቸው ሲል አልነበረም። ሌላም ችግር አለ። ለአስፋልት የተሠራ ትልቅ ቦቴ ለስላሳ አሸዋ ላይ ይቀረቀራል። "ታንኩ ካለፈ ቦቴውም ያልፋል" ብሎ መንገድ የሚመርጥ አዛዥ ማታ ላይ ታንኮቹ ያለ ነዳጅ ቆመው ያገኛቸዋል።

አቧራውን መናቅ

እንግሊዝ በ2001 ኦማን ውስጥ ሳይፍ ሳሪአ 2 የተባለ ትልቅ ወታደራዊ ልምምድ አደረገች። ቻሌንጀር 2 ታንኮቿን ስትልክ ለበረሃ የሚሆነውን ተጨማሪ የአቧራ መከላከያ አልገጠመችላቸውም። ምክንያቱ ወጪ መቆጠብ ነበር። የአንዳንዶቹ የአየር ፊልትሮ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተደፈነ። ደግነቱ ልምምድ ነበር። በ2003 ወደ ኢራቅ ሲዘምቱ መከላከያው ተገጠመላቸው።

ሞተር የሚገድለው ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው ወፍራም አሸዋ አይደለም። ዱቄት የሚመስለው ደቃቁ አቧራ ነው። ፊልትሮው ካልያዘው ከዘይት ጋር ይቀላቀልና ፒስተንና ሲሊንደሩን እየፈገፈገ ይጨርሳል። ፊልትሮው ሲደፈን ደግሞ ሞተሩ አየር ያጥረዋል፤ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ በየማረፊያው ፊልትሮ መፍታትና ማራገፍ። የደከመ ታንከኛ የሚዘለው የመጀመሪያው ሥራም ይሄ ነው። አዛዡ ራሱ ወርዶ ማየት አለበት። በጉዞም ላይ ታንኮች አንዱ የሌላውን አቧራ እንዳይበላ በጎን ተዘርግተው ቢሄዱ ይሻላል፤ ተከታትለው ከሄዱ ደግሞ በመካከላቸው በቂ ርቀት ይኑር።

አቧራ የሚያጠፋው ታንክን ብቻ አይደለም። በኤፕሪል 1980 አሜሪካ ቴህራን ውስጥ የታገቱ ዜጎቿን ለማስለቀቅ 8 ሄሊኮፕተሮች ላከች። ኢራን በረሃ ላይ ያልጠበቁት የአቧራ ደመና ገጠማቸው። መሰባሰቢያው ቦታ ላይ ለሥራ ብቁ ሆነው የቀሩት 5 ብቻ ነበሩ፤ የሚያስፈልገው ቢያንስ 6 ነበር። ዘመቻው ተሰረዘ። ሊመለሱ ሲሉ አንድ ሄሊኮፕተር አቧራው ውስጥ ከቆመ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ሰዎች ሞቱ። አንድም ጠላት አልተኮሰባቸውም ነበር።

ታንክን ብቻውን መላክ

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄኛው ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ታንክ እንደልቡ የሚፈነጭበት ቦታ ይመስላል። ስለዚህ አዛዡ "እግረኛውና መድፈኛው ያዘገየኛል" ይልና ታንኩን ብቻውን ይለቀዋል።

በጁን 1941 እንግሊዞች በግብፅና በሊቢያ ድንበር፣ ሃልፋያ በተባለው መተላለፊያ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጀርመኖች 88 ሚሊ ሜትር መድፎቻቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው አፈሙዙን ብቻ አውጥተው ይጠብቁ ነበር። የተሠሩት ለአውሮፕላን መምቻ ቢሆንም የማንኛውንም የእንግሊዝ ታንክ ብረት ከሩቅ ይበሱ ነበር። የእንግሊዝ ታንኮች እየተንደረደሩ ገቡላቸው። በ3 ቀን ውስጥ ካሰለፉት ታንክ ግማሽ ያህሉን አጡ። ሮሜል ዘዴውን ደጋግሞ ተጠቅሞበታል፤ የራሱን ታንክ እንደሚሸሽ አስመስሎ ጠላቱን ወደ ተደበቁ መድፎች ይስብ ነበር።

ከ32 ዓመት በኋላ ሲና በረሃ ላይ ያው ስህተት ተደገመ። እስራኤል በ1967 በፈጣን የታንክ ግስጋሴ ድል ስላደረገች ታንክ ከአውሮፕላን ጋር ሆኖ ሁሉን ይጨርሳል የሚል እምነት ጠንክሮ ነበር። ኦክቶበር 6 ቀን 1973 የግብፅ ጦር የስዊዝ ቦይን ሲሻገር እግረኛው አርፒጂ እና ማሊዩትካ የተባለውን ፀረ ታንክ ሚሳኤል ይዞ ነበር። ኦክቶበር 8 ቀን የእስራኤል ታንኮች በቂ እግረኛና መድፍ ሳይከተላቸው መልሶ ማጥቃት ጀመሩ። በርካቶቹ ተቃጠሉ።

ማሊዩትካ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይመታል። ነገር ግን ተኳሹ ሚሳኤሉ ታንኩ ላይ እስኪደርስ ድረስ በዓይኑ እየተከተለ በእጁ ሊመራው ይገባል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመድፍ ወይም የመትረየስ ተኩስ ቢዘንብበት እጁ ይስታል፣ ሚሳኤሉም ይስታል። መፍትሔው በእግረኛውና በመድፈኛው እጅ ነበር፤ እነሱ ግን ቦታው ላይ አልነበሩም። እስራኤሎች ይህን በፍጥነት ተረድተው አካሄዳቸውን አስተካከሉ።

ተራው የግብፅ ሆነ። ከግብፅ ጎን ሆና እስራኤልን በምትወጋው ሶሪያ ላይ የበረታውን ጫና ለማቅለል ሲባል ኦክቶበር 14 ቀን የግብፅ ታንኮች ወደ ሲና ውስጥ እንዲገፉ ታዘዙ። የጦር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ሳአድ ኤል ሻዝሊ ተቃወመ፤ አልተሰማም። ታንኮቹ ከፀረ አውሮፕላን ሚሳኤሎቻቸው ከለላ ወጡ። ከፊታቸው ቦታ ይዘው የሚጠብቁ ታንኮች፣ ከላያቸው አውሮፕላን ጠበቃቸው። በአንድ ቀን 250 ገደማ ታንክ ወደመባቸው። ሁለት ጠላት ጦሮች በአንድ ሳምንት ልዩነት በአንድ በረሃ ላይ የአንድ ስህተት ሁለት መልክ አሳዩ።

በረሃ ሁሉ አሸዋ ነው ብሎ ማሰብ

ከሰሃራ ውስጥ የአሸዋ ክምር የሸፈነው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው ጠጠር፣ አለትና ድርቅ ያለ ሜዳ ነው። ጠጠሩ የታንክ ሰንሰለት ይበላል። ለዚህ ነው ታንክን ለረጅም ጉዞ በራሱ ሰንሰለት ከማስኬድ በተሳቢ መኪና መጫን የሚመረጠው። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ጨዋማው መሬት ነው። ላዩ ደርቆ ጠንካራ ይመስላል፤ ታንክ ሲወጣበት ይሰበርና ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል። ከኤል አላሜን በስተደቡብ ያለው የቀጣራ ረባዳ እንዲህ ዓይነት መሬት ስለሆነ ታንክ አያሳልፍም። እንግሊዞች ኤል አላሜን ላይ የመሸጉትም ለዚህ ነው። በሰሜን ባሕር፣ በደቡብ ረባዳው ስላለ በጎን ዞሮ መምጣት አይቻልም።

መሬቱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ዋጋው አይተመንም። ራልፍ ባግኖልድ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ከጦርነቱ በፊት ለዓመታት የሊቢያን በረሃ በመኪና ሲያስስ ኖሯል። በ1940 የረጅም ርቀት የቅኝት ቡድን ሲያቋቁም ያንን ዕውቀት ይዞ ገባ። የመኪናው ብረት ተራ ኮምፓስን ስለሚያሳስት በፀሐይ ጥላ የሚሠራ ኮምፓስ ተጠቀመ። ከራዲያተር በእንፋሎት የሚወጣውን ውሃ መልሶ የሚይዝ ጣሳ ገጠመ። ለተቀረቀረ ጎማ ከሥር የሚነጠፍ ብረት አስያዘ። ሰዎቹ ሌላው ጦር የማይደፍረውን በረሃ አቋርጠው ይመለሱ ነበር።

"እዚህ መደበቅ አይቻልም" ማለት፣ ወይም ተደብቄያለሁ ብሎ መተኛት

ሁለቱም ስህተት ነው። ከኤል አላሜን ሁለተኛው ጦርነት በፊት እንግሊዞች ታንኮቻቸውን በሸራ ሸፍነው የጭነት መኪና አስመሰሏቸው። በደቡብ በኩል ደግሞ የውሸት የውሃ ቧንቧ ዘረጉ። የቧንቧው ሥራ አዘጋገም የሚያይ ጠላት ጥቃቱ በደቡብ በኩል፣ ያውም በኖቬምበር ይሆናል ብሎ እንዲገምት ነበር። ጥቃቱ ኦክቶበር 23 ቀን 1942 ማታ በሰሜን ተጀመረ።

ኢራቅ በ1991 የተሳሳተችው በሌላው በኩል ነው። ታንኮቿን ጉድጓድ ቆፍራ ደበቀች። ከሰው ዓይን በመጠኑ ተሰውረዋል። ግን ፀሐይ ስትጠልቅ አሸዋው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ብረቱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ሙቀት ለይተው የሚያሳዩ መሣሪያዎች የያዙ አውሮፕላኖች ማታ ማታ አንድ በአንድ ለቀሟቸው። መደበቅ ሲታሰብ የሚፈልገው ጠላት በምን እንደሚያይ ማወቅ ይቀድማል።

የራስን ወገን አለመለየት

ሙቀት የሚያሳይ መነጽር ታንክ እንዳለ ይነግራል፤ የማን እንደሆነ ግን አይነግርም። ምልክት በሌለው ሜዳ ላይ ሌሊትና አቧራ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። በ1991ዱ ጦርነት በውጊያ ከሞቱት 148 አሜሪካውያን ወታደሮች 35ቱን የመታቸው የገዛ ወገናቸው ጥይት ነው። ታንኮቹ ላይ የተገለበጠ ቪ ተቀብቶ ነበር፤ በቂ አልሆነም። እያንዳንዱ ክፍል ያለበትን ቦታ ሳያቋርጥ ማሳወቅ አለበት። ተኳሹም እርግጠኛ ካልሆነ እንዲታገስ መለማመድ አለበት።

ወታደሩን መርሳት

"ትንሽ ውሃ እየጠጡ መልመድ" የሚባል ነገር የለም። ሰውነት ያለ ውሃ መሥራትን አይለምድም። ጥም የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ የታንከኛው ፍርድና ዓይን ተዳክሟል። በከባድ ሙቀት የሚሠራ ወታደር በቀን 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ሊፈልግ ይችላል። ያ ውሃ እንደ ጥይት ተቆጥሮ መጫን አለበት።

ንጽሕናም እንዲሁ ነው። በሰሜን አፍሪካ የጀርመንና የጣሊያን ወታደሮች በተቅማጥና በጉበት በሽታ በብዛት ታመዋል፤ የመጸዳጃ ሥርዓታቸው ደካማ ነበር፣ ዝንቡም አይጣል ነው። የኤል አላሜኑ ጥቃት ሲጀመር ሮሜል ራሱ ታሞ ኦስትሪያ ውስጥ ነበር። የተካው ጄኔራል ጌኦርግ ሽቱመ በማግስቱ ግንባር ላይ ልቡ ቆሞ ሞተ።

ቀላል መኪና የያዘን ጠላት መናቅ

በ1987 የቻድ ተዋጊዎች ቶዮታ ፒክአፕ ላይ ሚላን ፀረ ታንክ ሚሳኤል ጭነው የሊቢያን ታንኮች ገጠሙ። ሰሜን ቻድ ውስጥ በሊቢያ ጦር እጅ ከነበሩት ቦታዎች በጃንዋሪ ፋዳን፣ በማርች ኦዋዲ ዱምን ያዙ። የሊቢያ ጦር ምሽጉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ ቻዶቹ ደግሞ በረሃውን ያውቁታል፣ ከብዙ አቅጣጫ በፍጥነት ይገባሉ። ከባድ ብረት ቆሞ ከጠበቀ ፈጣኑ መኪና ጎኑንና ጀርባውን ያገኛል።

ፈንጂ ቀብሮ ካርታውን መጣል

ኤል አላሜን ላይ ጀርመኖችና ጣሊያኖች ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ፈንጂ ቀብረው ነበር። እንግሊዞችም የራሳቸውን ቀብረዋል። የጥቃቱ ሌሊት መሐንዲሶች በሳንጃ እየወጉ ጠባብ መተላለፊያ ከፈቱ፤ ታንኮች እዚያች መንገድ ላይ ተጨናንቀው ነጋባቸው። ጦሮቹ ሄዱ፣ ፈንጂው ቀረ። አሸዋው ስለሚንቀሳቀስ የተቀበረበትን ቦታ ዛሬ ማግኘት ከባድ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱ የአካባቢው ከብት አርቢዎች እግራቸውን አጥተውበታል፤ የሞቱም አሉ። ፈንጂ የሚቀብር ጦር ቦታውን በትክክል መመዝገብ፣ መዝገቡን ማስቀመጥና ጦርነቱ ሲያበቃ ማስረከብ አለበት። ይህ ግዴታ በዘመቻ ዕቅዱ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኃላፊው ተለይቶ መጻፍ አለበት።