ሐሺሽ የሚያጨስ ሰው ልቡን እንዴት ይከታተል?

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ስለ ሐሺሽ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ አእምሮ ነው፤ ልብን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ፈጽሞ አለማጨስ ነው፤ ሕጉም ይከለክላል። ነገር ግን ሕጉን ፈርቶ ሕመሙን የሚደብቅ ወጣት እንዳይሞት ማሰብም ግዴታችን ነው።

በቅድሚያ ልብዎ ጤናማ መሆኑን ይወቁ። በልጅነት በሚገባ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት በኋላ የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል፤ ይህ ሕመም በአገራችን በርካታ ወጣቶችን የሚያጠቃ ሲሆን ለዓመታትም ሳይታወቅ ይቆያል። በሐሺሽ (በካናቢስ) ውስጥ ያለው ቲኤችሲ የተባለ ንጥረ ነገር ከተጨሰ በደቂቃዎች ውስጥ የልብን ምት በደቂቃ ከ20 እስከ 50 ያህል ሊጨምር ይችላል። ጤናማ ልብ ብዙውን ጊዜ ይህን ይቋቋመዋል፤ በሩ የጠበበ ልብ ግን በቂ ደም ለመሙላት ጊዜ ስለሚያጣ ደሙ ወደ ሳንባ ይከማቻል፣ ትንፋሽም ያጥራል። ስለዚህ ዳገት ሲወጣ ከእኩዮቹ ቀድሞ የሚያለከልክ ወይም ለዚሁ የልብ በር ሕመም በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ ሰው አንድ ጊዜም ቢሆን ማጨስ የለበትም። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ካናቢስ የመድኃኒቱን ኃይል አብዝቶ ደም ሊያፈስስ ይችላል።

የልብ ምትን ለመቁጠር ተቀምጠው ይረፉ፤ ከዚያም የሌባ ጣትዎንና የመሐል ጣትዎን በሌላው እጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቱ በኩል፣ ሳይጫኑ ያሳርፉ። በአውራ ጣት አይለኩ፤ የራሱ ምት ያሳስታል። ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በ2 ያባዙት። ላረፈ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ደኅና ነው፤ ከሰዓታት በኋላም ከ100 በታች ካልወረደ ወይም ምቱ እየዘለለ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ጫትም ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር፣ ምርቃናውን ለማብረድ ብሎ ከጨብሲው ጋር ሐሺሽ መጨመር በደከመ ልብ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከተጨሰ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰቱ ዕድል ወደ 5 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ደረትን ጨምቆ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ከታየ፣ «ጨጓራዬ ነው»፣ «ብርድ መትቶኝ ነው» እያሉ ሌሊቱን ማሳደር አይገባም። ከገጠር ቀበሌ ሆስፒታል እስኪደረስ ራሱ ሰዓታት ይፈጃልና ወዲያውኑ ይነሡ፤ ጠበሉ በኋላም ይደርሳል። ታማሚው በእግሩ አይሂድ፣ ባጃጅም ራሱ አይንዳ። ሲነሣ ዞሮበት የወደቀ ከሆነ ግን አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉለት፤ ቶሎ ካልነቃ እርሱንም ይዘው ይሂዱ።

ለሐኪሙ እውነቱን መናገር ከሁሉ ይከብዳል፤ እናት ከአልጋው አጠገብ ቆማ ልጅ «አጭሻለሁ» አይልም። ስለዚህ ጤና ባለሙያው «እማማ፣ ለአንድ አፍታ ውጭ ይቆዩልን» ብሎ ብቻውን ያነጋግረው፤ አብሮት የነበረ ጓደኛም በስንት ሰዓት፣ ምን ያህልና ከምን ጋር እንደወሰደ ሳይሸሽግ ይንገር።