በኒውትሮን የተመታ አቶም ወደ ምን እንደሚለወጥ ለማስላት

ኒውትሮን ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሌለው የአቶም አስኳል ወደኋላ አይገፋውም፤ በዝግታ ቢደርስ እንኳ ሰተት ብሎ ይገባል። ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በ1934 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ንጥረ ነገሮችን በኒውትሮን ሲደበድቡ፣ ኒውትሮኖቹ በፓራፊን ውስጥ አልፈው ፍጥነታቸው ሲቀንስ አፀግብሮቱ ይበልጥ እንደሚበረታ አስተውለዋል።

ለስሌቱ ሁለት ዓምዶች ያዘጋጁ፤ በአንዱ የመጠነ ቁስ ቁጥሩን (በአስኳሉ ያሉትን ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ድምር)፣ በሌላው አቶማዊ ቁጥሩን (የፕሮቶኖቹን ብዛት ብቻ) ይጻፉ። ለኒውትሮን በመጀመሪያው 1፣ በሁለተኛው 0 ይመዝግቡ። አቶማዊ ቁጥሩ 27 የሆነው ኮባልት-59 አንድ ኒውትሮን ሲውጥ 59 ወደ 60 ያድጋል፣ 27 ግን ባለበት ይቆያል፤ ስለዚህ የተገኘው ኮባልት-60 ነው። ከአስኳሉ ተፈናጥሮ የሚወጣ ቅንጣት ካለ ከድምሩ ይቀንሱት። በከፍተኛው ከባቢ አየር አቶማዊ ቁጥሩ 7 የሆነው ናይትሮጅን-14 ኒውትሮን ተቀብሎ ፕሮቶን (በሁለቱም ዓምዶች 1) ሲያወጣ፣ ከ15 ላይ 1፣ ከ7 ላይም 1 ተቀንሶ 14 እና 6 ይቀራሉ፤ ይህም የጥንት ከሰልና አጥንት ዕድሜ የሚለካበት ካርበን-14 ነው።

ቀጥሎ ጨረሩ መቼ እንደሚወጣ ይለዩ፤ ሁለቱን ጊዜያት መቀላቀል ስሌቱን በሙሉ ያበላሻል። ኮባልት-59 ኒውትሮኑን እንደዋጠ ትርፍ ጉልበቱን ወዲያውኑ በጋማ ጨረር ይለቃል። የተፈጠረው ኮባልት-60 ግን ለዓመታት ቤታ (ከአስኳሉ የሚወጣ ኤሌክትሮን) እያወጣ ይፈራርሳል፤ ቤታ ሲወጣ 60 ሳይነካ 27 ወደ 28 ከፍ ስለሚል ውጤቱ ኒኬል-60 ነው፤ እርሱም 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸውን ሁለት የጋማ ጨረሮች ለቆ ይረጋጋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና ሲያገለግል የኖረው የኮባልት መሣሪያ የሚሠራው በእነዚሁ ጨረሮች ነው።

የቀረውን መጠን ለማወቅ የኮባልት-60ን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም 5.27 ዓመትን፣ ይጠቀሙ፤ ከዚህ ጊዜ በኋላ ግማሹ፣ ከ10.54 ዓመት በኋላ ሩቡ ብቻ ይቀራል። በየዓመቱ 12 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ ምንጩ ሲያረጅ ያንኑ የጨረር መጠን ለመስጠት ታካሚው በመሣሪያው ሥር የሚቆይበት ደቂቃ ይረዝማል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ኒውትሮን የመታውን ነገር ጨረር አመንጪ ሊያደርገው ይችላል፤ የኮባልት-60 ጋማ ግን የሰውነታችንን አቶሞች አስኳል ለመለወጥ የሚበቃ ጉልበት የለውም። በዚህ መሣሪያ ታክማ የወጣችን እናት ማቀፍም ሆነ ከእርሷ ጋር ከአንድ ገበታ መቁረስ ምንም ዓይነት የጨረር ሥጋት የለበትም።