ጠሪቃችሁን (የሱፊ መንገዳችሁን) ከዘመኑ ጋር ማስኬድ ለምትፈልጉ

የዚክር ጀመዓ (አብሮ አላህን የሚያወሳ ስብስብ) አላችሁ እንበል፣ ሽማግሌዎቹ አሉ ወጣቱ ግን እየሳሳ ነው፣ የመጣውም ስራ አለብኝ ብሎ ሀድራው (የጋራ ዚክሩ) ሳያልቅ ይወጣል። መጀመሪያ የማይነካውን ለዩ፣ ሲልሲላው (ከሸይኽ ወደ ሸይኽ የሚወርደው ሰንሰለት)፣ ኢጃዛው (የሸይኹ ፈቃድ)፣ አደቡ (ስነ ስርዓቱ)። ሰዓትና ቦታ ግን ቢቀየር ምን ችግር አለው?

ዛዊያ (የሱፊዎች መሰብሰቢያ ቤት) የለንም ለምትሉ የሴኔጋል ሙሪዶችን (ሙሪድያ የሚባለው ጠሪቃ ተከታዮችን) እዩ። ገጠር ኦቾሎኒ ሲያርሱ የነበሩት ከተማ ሲገቡ ሸይኻቸው አጠገባቸው የለም፣ ስለዚህ ዳሂራ የሚሉትን ማህበር አቋቁመው እየተሰበሰቡ ቅሲዳ (መንፈሳዊ ግጥም) ያነባሉ፣ መዋጮ ያወጣሉ፣ የተቸገረ ይረዳሉ፣ ያው ማህበር ኋላ ኒውዮርክም ፓሪስም ደረሰ። ቱርክ ውስጥም በ1925 እ.ኤ.አ. ተኪያዎቹ (የሱፊ ቤቶቹ) በህግ ሲዘጉ ሶህበቱ (ከሸይኽ ጋር ተቀምጦ መማማሩ) ሰው ቤት ሳሎን ገባ። መዋጮ ከሰበሰባችሁ ግን በደንብ መዝግቡ፣ ጀመዓን እንደ ብር የሚበትን የለም።

ኦንላይን የምታደርጉ ከሆነ ጮክ ያለውን ሀድራ በዙም አንድ ላይ አትሞክሩት። እኛ ሞክረነው፣ ኔትወርኩ የአንዱን ድምፅ ቶሎ የሌላውን ዘግይቶ ስለሚያመጣው አንዱ «ላ ኢላሃ» ላይ ሲሆን ሌላው «ኢለላህ»ን ጨርሷል፣ ከጀርባ ደግሞ የሆነ ሰው ልጅ ያለቅሳል፣ ሳቃችን መጣ። አሁን መሪው ብቻ ማይክ ይከፍታል፣ ሌላው ሚውት አድርጎ በራሱ ድምፅ ይከተላል፣ በጣም ይሻላል። ኢጃዛ የሚፈልግ ዊርድ (በየቀኑ የሚደገም ዚክር) ግን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ እንዳትለቁት፣ አንዴ ከወጣ ማን ለማን እንደሰጠው አይታወቅም። በይዓ (ለሸይኽ የሚገባ ቃል ኪዳን) በቪዲዮ ይሆናል ወይ ለሚለው የሚቀበሉ ሸይኾች አሉ የማይቀበሉም አሉ፣ የራሳችሁን ሸይኽ ጠይቁ እንጂ ግሩፕ ላይ አትከራከሩ።

ስራ የበዛበትን ሙሪድ (የሸይኽ ተከታይ) አትውቀሱት። የነቅሽበንዲ ጠሪቃ ሰዎች «ኸልወት ደር አንጁመን» የሚሉት ነገር አላቸው፣ ሰው መሃል ሆነህ ልብህን ከአላህ ጋር ማድረግ ማለት ነው፣ ዚክራቸውም በአብዛኛው የልብ ስለሆነ አውቶቡስ ላይም ቢሮም ይሄዳል። ትንሽ ግን የማይቋረጥ ዊርድ ስጡት። ተስቢህ በስልክ አፕ ልቁጠር ካለም ይቁጠር፣ እኔ በበኩሌ ኖቲፊኬሽን ሲመጣ ልቤ ስለሚሄድ ትቼዋለሁ።

ቀረፃን በተመለከተ፣ ሀል (በዚክር መመሰጥ) የያዘውን ሰው ማንም እንዳይቀርፅ። ቲክቶክ ላይ 15 ሰከንድ ተቆርጣ ስትወጣ የሰውዬው እንባ መሳቂያ ነው የሚሆነው፣ እሱም ሁለተኛ አይመጣም። ሀድራው ከመጀመሩ በፊት ስልኮቹን በር ላይ ሰብስቡ።