ከካያክ ላይ ወፎችን ማየት፦ ቀዘፋውን ማቆም

ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ለወፍ ተመልካች የሚመቸው ዝቅ ብሎና ያለ ሞተር ድምፅ ስለሚሄድ ነው። ዳር ላይ የቆመ ሰው አይታ የምትበረግግ ወፍ፣ ውኃው ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ የሚንሳፈፈውን ብዙ ጊዜ ችላ ትለዋለች። ያለማቋረጥ ከቀዘፋችሁ ግን ይህ ጥቅም ከንቱ ይቀራል።

ካያኩ ከ3 እስከ 3.6 ሜትር የሚረዝምና ሰፋ ያለ ይሁን፤ ረጅሙ ቢፈጥንም በሸምበቆ መሃል ባለ ጠባብ መተላለፊያ እንደ ልብ አይታጠፍም። ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) 8 በ42 ወይም 7 በ35፣ ውኃ የማያስገባ ምረጡ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ይነግራል። 10 እጥፍ የሚያጎላው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የጀልባውን መወዛወዝም አብሮ ያጎላዋል። ማንገቻውን አሳጥሩት፣ አለዚያ ከመቅዘፊያው ጋር እየተጋጨ ያስቸግራል። መቅዘፊያው የጀልባውን ጠርዝ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ውኃ ላይ ሩቅ ይሰማል፤ ጠርዙ ላይ ስስ ስፖንጅ ብትለጥፉ ይበርዳል። ተንሳፋፊ ጃኬት እስክትመለሱ ድረስ አይወልቅም።

በሞቃት ወራት ጀምበር ስትወጣ ውኃው ላይ ብትሆኑ ጥሩ ነው። ወፎቹ ምግብ ፍለጋ ላይ ናቸው፣ ነፋሱም ብዙ ጊዜ የሚበረታው ቀኑ ሲሞቅ ነው። ሲሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ፣ በድካም ሲመለሱ በጀርባ መያዝ ይሻላል።

ዋናው ሥራ አቀራረቡ ነው። ወፏን ገና ከ80 ሜትር ያህል ስታዩ መቅዘፉን ተዉት፤ ነፋሱ በጎኗ በኩል ይውሰዳችሁ። የጀልባውን አፍንጫ በቀጥታ ወደ እሷ አታነጣጥሩ፣ በጎኗ እንደሚያልፍ መንገደኛ አግድም ሂዱ። ወፎች ሲነሡ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብለው ስለሆነ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መንገዷን ከዘጋችሁባት ቶሎ ትሸበራለች። ባይኖኩላር ስታነሡ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ። ወደ ጎን ተጠማዝዞ ማየት ጀልባ ሊገለብጥ ይችላል፤ ይልቅ በአንድ ለስላሳ ቀዘፋ ጀልባውን ራሱን አዙሩት።

ስንት ሜትር መቅረብ እንደሚቻል የምትነግራችሁ ራሷ ወፏ ናት። ሽመላና መሰሎቿ ተረጋግተው ዓሣ ሲጠብቁ አንገታቸው ብዙውን ጊዜ እጥፍ ያለ ነው። አንገቱ ቀጥ ካለና መላ አካሏ ከደረቀ አይታችኋለች፤ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ወደ ፊት ካዘነበለች ልትነሣ ነው። አንገቱ ቀጥ ሲል ወደ ኋላ ቅዘፉ፤ ቀጣዩን ምልክት መጠበቅ አይገባም። ክንፏ እንደተሰበረ እየተንፏቀቀች የምትሄድ ወፍ ደግሞ ከጎጆዋ ወይም ከጫጩቶቿ ልታርቃችሁ ነው፤ ሳትከተሏት በመጣችሁበት ተመለሱ።

አንዳንድ ጠላቂ ወፎች ጎጆአቸውን የሚሠሩት ተንሳፋፊ እፅዋት ላይ ነው። ሲለቁት እንቁላሉን በረጠበ ቅጠል ስለሚሸፍኑት የበሰበሰ የሣር ክምር ይመስላል፤ ትንሽ ማዕበል ግን ሊያሰምጠው ይችላል። ስለዚህ ወደ ሸምበቆው ውስጥ አትግቡ፣ በጠርዙ በዝግታ እለፉ። ብዙዎቹ የዳክዬ ዝርያዎች ከመራቢያ ወቅት በኋላ የበረራ ላባቸውን በአንድ ጊዜ ስለሚያራግፉ ለሳምንታት አይበሩም። እየሸሸ የማይነሣ መንጋ ካጋጠማችሁ ማሳደድ ማለት ጉልበቱን መጨረስ ነው።

ጉማሬ ወይም አዞ ወዳለበት ውኃ በካያክ ፈጽሞ አይገባም። ጥልቀቱ ትንሽ ቢመስልም ከጀልባው ወርዳችሁ ጭቃው ላይ አትቁሙ፤ እግር ውጦ ይይዛል። ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያው ከውኃው ውጡ።

ወደ ሌላ ውኃ ከመሄዳችሁ በፊት ከጀልባው ሥርና ከመቀመጫው ሥር የተጣበቀውን ቅጠልና ጭቃ አራግፉ፣ ውኃውን አፍስሱ፣ በደንብ አድርቁት። እንደ እምቦጭ ያለ አረም ከትንሽ ቁራጭ ሊራባ ይችላል።