የኤም አር አይ ወይም የሲቲ ስካን ቀጠሮ ሲያስጨንቅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የኤም አር አይ ወይም የሲቲ ስካን ምርመራ የታዘዘለት ሰው፣ ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ የመጣም ሆነ የከተማው ነዋሪ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ የሚጨነቀው በሁለት ነገር ነው፤ በመሣሪያውና በውጤቱ። መጨነቁ ጥፋት አይደለም። ጉዳት የሚያስከትለው ጭንቀቱን ለመሸሽ ሲባል የሚደረገው ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ለባለሙያው ሊነገር የሚገባውን ነገር ከመደበቅ ይመነጫል።

የታዘዘውን ምርመራ ሳይለዩ መፍራት

ብዙ ሰው “ማሽን ውስጥ ትገባለህ” የሚለውን ብቻ ሰምቶ ይሄዳል። ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር የሚሠራ ሰፊ ቀለበት ሲሆን፣ ምስሉን የሚያነሳው በአጭር ጊዜ ነው። ኤም አር አይ ግን የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ የራጅ ዓይነት ጨረር የለውም። የሚያስቸግረው ጥበቱ፣ ድምፁና ርዝመቱ ነው፤ መግቢያው ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ እንደ መዶሻ ይደበድባል፣ እንደሚታየው የሰውነት ክፍልም ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የጆሮ መከላከያ ሳያደርጉ መግባት አይገባም።

ጠባብ ቦታ እንደሚያስፈራ መደበቅ

በተለይ ወንዶች “ይህ ምን ያስፈራል” ብለው ይገቡና መሀል ላይ ይነሣሉ። ሰውነት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ስለሚደበዝዝ ምርመራው ይደገማል፤ ዝም ማለቱ ያተረፈው ነገር የለም። አስቀድሞ ለተናገረ ሰው ግን ባለሙያው መሣሪያው በሁለቱም በኩል ክፍት መሆኑን ያሳያል፣ ሲጨንቅ የሚጨበጠውን መጥሪያ እጅ ላይ ያስይዛል፣ በየመሀሉ በድምፅ ማጉያ ያነጋግራል። የሚታየው ጉልበት ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእግር በኩል ስለሚገባ ጭንቅላት ውጭ ሊቀር ይችላል። ዓይንን መጨፈን ያለበት አልጋው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው፤ ከገቡ በኋላ ከፍቶ ጣሪያውን አፍንጫ ሥር ማየት ፍርሃቱን ያባብሳል። አተነፋፈስን ማዘግየት፣ በተለይ የሚወጣውን ትንፋሽ ከሚገባው ማስረዘም፣ ልብን ያረጋጋል።

ይህ ሁሉ የማይበቃው ሰው የሚያረጋጋ መድኃኒት እንዲታዘዝለት ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ የጎረቤት ክኒን አይዋስ። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው በዚያ ቀን ባጃጅም ሆነ መኪና መንዳት ስለማይገባው አስታማሚ ያስፈልገዋል።

ብረት መኖሩን አለመናገር

ከስህተቶቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት፣ ሰውነት ውስጥ የቀረ የጥይት ወይም የፈንጂ ፍንጣሪ ካለ ኤም አር አይ ከመጀመሩ በፊት መነገር አለበት። በብየዳ ሥራ የኖረ ሰውም መናገር ይኖርበታል፤ ዓይን ውስጥ የተቀበረች ደቃቅ ብረት በማግኔቱ ተስባ ዓይኑን ልትጎዳ ትችላለችና። ስለ ፍንጣሪው መናገር የሚያስጠይቅ የሚመስለው ሰው እንዳለ ይታወቃል፤ ጥያቄው ግን የሕክምና ጥያቄ ብቻ ነው።

ማተብም እንዲሁ ያሳስባል። አንዲት እናት ክፍሉ በር ላይ አንገታቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲቆሙ፣ ነገሩ የገባው ባለሙያ “እማማ፣ ክሩን አልነካም፤ መስቀሉ ብረት ከሆነ ግን ፈትተው ለልጅዎ ይስጡልኝ” ይላቸዋል። ክሩ ጨርቅ እስከሆነ ድረስ አደጋ የለውም፤ የሚወልቀው ብረቱ ነው። የፀጉር ማስያዣ፣ ጉትቻና ሞባይልም ውጭ ይቀራሉ።

ዝግጅቱን በግምት ማድረግ

“ምግብ አይብሉ” መባል የደም ግፊት መድኃኒት ማቋረጥ ማለት አይደለም፤ የትኛው እንደሚወሰድ መጠየቅ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። ቡናና ጫት የልብን ምት ስለሚያፈጥኑ ፍርሃትን ያባብሳሉ። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን አጉልቶ የሚያሳየው መድኃኒት፣ ሰውነትን በድንገት ያሞቃል፣ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ ሽንት ያመለጠም ያስመስላል፤ ይህ ወዲያው የሚያልፍ ስሜት ነው። የኩላሊት ሕመም፣ የመድኃኒት አለርጂ ወይም እርግዝና ካለ ግን ከመርፌው በፊት ይነገር።

ጠበል እስኪጨርሱ ብሎ ቀጠሮ ማሳለፍም የተለመደ ነው። ጠበሉም ምርመራውም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የተላለፈ ቀጠሮ ግን መልሶ እስኪገኝ ሊቆይ ይችላል።

ውጤቱን ከሐኪሙ ቀድሞ መተርጎም

ምስሉን የሚያነሳው ባለሙያ ውጤቱን የሚያነብ ሰው ስላልሆነ፣ ፊቱን አይቶ “አዘነልኝ” ብሎ መደምደም ራስን በከንቱ ማሠቃየት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሪፖርት በሞባይል አንስቶ ለዘመድ ሁሉ መላክም አይረዳም። የአከርካሪ ዲስክ መጠነኛ መንሸራተት ምንም ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች ላይ ጭምር በብዛት ይታያል፤ ከሕመሙ ጋር መያያዙን የሚለየው በሽተኛውን የመረመረው ሐኪም ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ይጠይቁ፣ ምርመራውን ያዘዘውን ሐኪም የሚያገኙበትን ቀን ያስይዙ፣ የቆየ ፊልም ካለዎት ለማነጻጸር ይዘው ይሂዱ።